ድሃው የሕግ ተማሪ፦ የኢማም አቡ ዩሱፍ ሕይወት



በየዓመቱ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገቡ አዳዲስ ተማሪዎቻችን ገና ሻንጣቸውን ሳያራግፉ አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸዋል። ሕግ ተምሬ ምን እሆናለሁ? ዳኛ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ጠበቃ ነው ወይስ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲ? ቤተሰብ ቶሎ ተመርቀህ አግዘን ይላል። ጓደኛ ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም እያለ ያስፈራራል። አንዳንዱ ደግሞ የፍርድ ወንበር አደጋ ነው፣ ለዲንህ ስትል ሽሸው ይላል። ይህን ሁሉ የሚሰማው ተማሪ ግን የወሩን የኮፒና የሳሙና ወጪ እንኳ ከየት እንደሚያመጣ አያውቅም።

እኔ የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ስለ ሕግ ሙያ ምክር ልስጥ ብል አያምርብኝም። ይሁንና ከዛሬ 1250 ዓመት ገደማ በፊት በኩፋ ከተማ ይህንኑ ጭንቀት የተጨነቀ አንድ ድሃ የሕግ ተማሪ ነበር። በመድረሳ ፊቅህ የቀራን ሁላችንም ስሙን በየኪታቡ ገጽ አግኝተነዋል። እንዴት ተምሮ፣ ማን አግዞት፣ ምን ከፍሎ ለዚያ ደረጃ እንደበቃ ግን ብዙዎቻችን አልተነገረንም። ሰውየው ኢማም አቡ ዩሱፍ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ከእንዝርት የሚበላ ልጅ

ሙሉ ስማቸው ያዕቁብ ኢብን ኢብራሂም አል-አንሷሪ ነው። በብዙዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የተወለዱት በ113 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ731) በኢራቅዋ ኩፋ ነው። የዘር ሐረጋቸው ሰዕድ ኢብን ሐብታ ከተባሉት አንሷሪ ሶሐባ ይመዘዛል። የከበረ ዘር ግን ዳቦ አይሆንም፤ ቤቱ የድሃ ቤት ነበር።

ያዕቁብ ልጅ ሆኖ ልቡ ወደ ዒልም አዘነበለ። መጀመሪያ የቀራው የኩፋ ቃዲ ከነበሩት ከኢብን አቢ ለይላ ዘንድ ነው። እዚያ የተማረው የፍርድ ቤቱን ሥራ ነበር፤ ማለትም ክስ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ምስክር እንዴት እንደሚሰማና መሐላ መቼ እንደሚጠየቅ። ከዚያ ወደ ኢማም አቡ ሐኒፋ ሐልቃ ተሻገረ። በዘመናችን አነጋገር፣ አስቀድሞ በችሎት ሥራውን አየና ቀጥሎ የሕጉን ስሌት ወደሚፈታው ሊቅ ሄደ ማለት ነው።

ችግሩ ሆዱ ነበር። የዚህን ጊዜ ታሪክ ዘጋቢዎች በሁለት መልክ አስተላልፈውታል። በአንደኛው አባቱ በሕይወት አሉ። የአቡ ሐኒፋ እንጀራ የተጋገረ መሆኑን፣ እሱ ግን ገና የዕለት ጉርሱን መፈለግ ያለበት ልጅ መሆኑን ነግረው ከሐልቃው እንዲቀር ይመክሩታል። በሁለተኛው አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ደግሞ ልብስ አጥቦ ከሚያነጣ ባለሙያ ዘንድ ቀጥረውታል። ልጁ በየቀኑ ከሥራው እየሸሸ አቡ ሐኒፋ እግር ሥር ይቀመጣል፤ እናቱም እየተከተሉ እጁን ይዘው ይመልሱታል።

በዚህ ታሪክ እናትየዋን እንደ ክፉ የሚያይ ካለ ተሳስቷል። ፈትል እየፈተሉ ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። በቀን የምትገኝ አንዲት ትንሽ ሳንቲም ለቤቱ ምን ማለት እንደሆነች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዛሬም ከገጠር ስልክ ደውለው መቼ ነው የምትመረቀው፣ መቼ ነው የምትመረቂው የሚሉ እናቶች ጥያቄ ከዚያው ከእንዝርቱ የመጣ ነው።

እናትየዋ አንድ ቀን ታክቷቸው ሐልቃው ድረስ ሄዱ፤ ልጄን ያበላሹብኝ እርስዎ ነዎት ብለውም አቡ ሐኒፋን ወቀሱ። ኢማሙ ልጁ በፉስቱቅ ዘይት የተሠራ ፋሉዘጅ መብላት እየተማረ መሆኑን ነገሯቸው። ፋሉዘጅ በዚያ ዘመን ከመሳፍንት ማዕድ በቀር የማይገኝ ጣፋጭ ነበር። እናትየዋም ሽማግሌው አእምሯቸውን ስተዋል ብለው እየተናደዱ ተመለሱ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አቡ ዩሱፍ በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ማዕድ ተቀምጠው ሳለ ያ ምግብ ቀረበላቸውና ፈገግ አሉ ይባላል። ኸሊፋው ምክንያቱን ጠይቀው ታሪኩን በሰሙ ጊዜ ለአቡ ሐኒፋ የአላህን እዝነት ለመኑ።

መቶ ዲርሃም

አቡ ሐኒፋ ነገሩን በጥሩ ቃል ብቻ አልሸኙትም። እሳቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ በኩፋ ሱቅ ነበራቸው። ልጁ ከሐልቃው መቅረቱን አስተዋሉና የት እንዳለ ጠየቁ። ሲመጣ ሰው እስኪበተን ጠብቀው አንድ ከረጢት ሰጡት፤ ውስጡ 100 ዲርሃም ነበር። ከሐልቃው እንዳይለይና ገንዘቡ ሲያልቅ እንዲነግራቸው አዘዙት። እሱ ግን አንድም ቀን አልቋል ብሎ አልነገራቸውም። ጥቂት ቆይቶ፣ ሳይጠይቅ፣ ሌላ 100 ዲርሃም መጣለት፤ ከዚያም ሌላ። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል የሚነግራቸው ሰው ያለ ይመስል ነበር። እንዲህ እያለ ከችግር ወጣ። በአቡ ሐኒፋ ዘንድም 17 ዓመት መቆየቱ ተዘግቧል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ከረጢቱ የተሰጠው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው፤ የተማሪው ክብር አልተነካም። ሁለተኛ፣ ድጋፉ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የቆመ ምጽዋት አልነበረም። ልጁ ተምሮ እስኪጨርስ ታስቦበት የቀጠለ ድጋፍ ነበር።

አቡ ሐኒፋ ይህን ከየት ተማሩት ብንል፣ እሳቸውም ወጣት ነጋዴ ሳሉ አቅጣጫ ያሳያቸው ሰው ነበር። ታላቁ ዐሊም አሽ-ሸዕቢ ወደ ገበያ ሲመላለሱ አይተዋቸው፣ ንቃታቸውን ተመልክተው ወደ ዑለማ ዘንድ እንዲሄዱ መከሯቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማንን ይዘው 18 ዓመት የቀሩት። በመንገድ ላይ የተሰጠ አንድ ምክር ያንን ሁሉ መዝሀብ አፈራ።

የልብስ አጣቢው መስአላ

ያዕቁብ እየበሰለ ሄደ። አንድ ጊዜ በጠና ታመመና አቡ ሐኒፋ ሊጠይቁት መጡ። ከእሳቸው በኋላ ሕዝበ ሙስሊሙን ይጠቅማል ብለው ተስፋ የጣሉበት እሱ መሆኑን፣ ቢሞት ብዙ ዒልም አብሮት እንደሚሞት ተናገሩ። ልጁ ዳነ። የተባለው ቃል ግን ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ነበርና ከመምህሩ ተለይቶ የራሱን ሐልቃ ከፈተ።

አቡ ሐኒፋ አልተቆጡም፤ ሄደውም አልወቀሱትም። አንድ ሰው ጠርተው ጥያቄ አስይዘው ላኩት። ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ልብሱን በክፍያ እንዲያነጣለት ለአጣቢ ሰጠ። በኋላ ሊወስድ ሲመጣ አጣቢው አልተቀበልኩህም ብሎ ካደ። ሰውየው ዳግም ሲመጣ ግን ልብሱን አንጽቶ መለሰለት። አጣቢው ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

መልእክተኛው ይገባዋል ቢለው ተሳስተሃል እንዲለው፣ አይገባውም ቢለውም ተሳስተሃል እንዲለው ታዝዞ ነበር። እንደተባለውም ሆነ። አቡ ዩሱፍ መጀመሪያ ይገባዋል አለ፤ ቀጥሎም አይገባውም አለ፤ ሁለቱም አልሆነለትም። ወዲያው ተነስቶ ወደ አቡ ሐኒፋ ገሰገሰ። እሳቸውም ገና ሲያዩት ያመጣው የአጣቢው ጉዳይ መሆኑን አወቁ።

መልሱ በጊዜው ላይ ያረፈ ነው። አጣቢው የካደው ልብሱን ከማጠቡ በፊት ከሆነ፣ ያጠበው የቀማውን ልብስ ለራሱ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም። የካደው አጥቦ ካበቃ በኋላ ከሆነ ግን ሥራውን የሠራው ለባለቤቱ ነበርና ዋጋው ይገባዋል። ይህን ሳያጣሩ አዎ ወይም አይደለም ማለት ፍርድ ሳይሆን ግምት ነው።

አቡ ዩሱፍ ወደ ሐልቃው ተመልሶ ተቀመጠ። ያ መስአላ የተመረጠው በልጅነቱ ከሚያውቀው ከልብስ አጣቢ ሙያ መሆኑም ያስደንቃል። ለሕግ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ያለ አይመስለኝም። መልስ ከመስጠት በፊት ማን፣ መቼ፣ ለማን ብሎ ፍሬ ነገሩን መለየት የሙያው ሁሉ መሠረት ነው።

እያንዳንዱን በየቦታው

የአቡ ሐኒፋ ሐልቃ መምህር ተናግሮ ደረሳ የሚጽፍበት ብቻ አልነበረም። ጥያቄ መሐል ላይ ይቀርባል፣ እያንዳንዱ ያለውን ይላል፣ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። ሐሳቡ ሲረጋ ይመዘገባል። በዚህ መካከል ኢማሙ የእያንዳንዱን ደረሳ ዝንባሌና አቅም ይመዝኑ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ስለ 36 ባልደረቦቻቸው ተናገሩ። ከነዚህ 28ቱ ለቃዲነት የሚበቁ፣ 6ቱ ፈትዋ ለመስጠት የሚሆኑ፣ 2ቱ ደግሞ ቃዲዎችንና ሙፍቲዎችን ራሳቸውን ለማነጽ የሚችሉ መሆናቸውን ገልጸው ወደ አቡ ዩሱፍና ወደ ዙፈር አመለከቱ። ይህ ዘገባ ልዩ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ጎበዝና ሰነፍ ብሎ አልከፈላቸውም፤ የሚያደላድላቸው በሚስማማቸው ሥራ ነበር። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሙያ ምክር የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለአቡ ዩሱፍ የጻፉት ነው ተብሎ በሐነፊ ዑለማ ዘንድ የሚታወቅ አንድ ወሲያም አለ። በውስጡ ቅደም ተከተል ተቀምጧል። አስቀድሞ ዒልም፣ ቀጥሎ ከሐላል የሆነ ገንዘብ፣ ከዚያ ትዳር። ስለ ባለሥልጣን ደግሞ ነገሩን ከእሳት ጋር ያመሳስለዋል። ከእሳት ትሞቃለህ፣ ትጠቀማለህ፣ ግን አትጠጋውም። ይህ ምክር ኋላ ላይ በጣም ያስፈልጋቸው ነበር።

ሁለት መንገድ ከአንድ ሐልቃ

አቡ ሐኒፋ ራሳቸው የቃዲነትን ወንበር እምቢ ያሉ ሰው ናቸው። በኡመያዎች ዘመን የኢራቅ ገዢ የነበረው ኢብን ሁበይራ ሹመት ቢያቀርብላቸው አልቀበልም አሉ፤ ተገረፉበትም። በዐባሲያዎች ዘመን ኸሊፋ አል-መንሱር ዳግም ጠየቋቸው፤ አሁንም እምቢ ብለው ታሰሩ። በ150 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ767) በባግዳድ አረፉ።

አቡ ዩሱፍ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። ሆኖም በኸሊፋ አል-መህዲ ዘመን የባግዳድ ቃዲነት ሲቀርብላቸው ተቀበሉ። በአል-ሃዲም፣ በሃሩን አር-ረሺድም ዘመን በዚያው ወንበር ቆዩ። ቃዲል ቁዷት፣ ማለትም የቃዲዎች ሁሉ ቃዲ ተብለው በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። ከኢራቅ እስከ ኹራሳን፣ ሻምና ግብፅ ድረስ ቃዲ የሚሾመው እሳቸው ሲያመለክቱ ሆነ።

መምህሩ እምቢ ብለው ታሰሩ፤ ተማሪው ተቀብለው ወንበሩን ያዙ። ማን ነው ትክክል? ዑለማዎቻችን ሁለቱንም በክብር ነው የሚያነሱት። አቡ ሐኒፋ ዒልም የሥልጣን አገልጋይ እንዳይሆን ዋጋ ከፈሉ። አቡ ዩሱፍ ደግሞ ወንበሩ ላይ ዒልም የሌለው ሰው እንዳይቀመጥ ሸክሙን ተሸከሙ። በዘመናቸው ለቤተ መንግሥት መቅረባቸውን የጠሉባቸው ሰዎች ነበሩ። ለሹማምንት መውጫ ቀዳዳ ያበጃሉ የሚል ወሬም ይነገርባቸው ነበር። ወንበሩን የተቀበለ ሰው ከሐሜት አያመልጥም፤ አቡ ዩሱፍም አላመለጡም። የሚለካው ግን በወንበሩ ላይ በሠራው ነው።

በዚህ ሥልጣናቸው ለሚወዱት ሰው ያደረጉት አንድ ነገር ሳይታሰብ ቅሬታ ማስከተሉም ተዘግቧል። ከአቡ ሐኒፋ በኋላ የእሳቸው ተማሪ የነበሩት ሙሐመድ ኢብኑል-ሐሰን አሽ-ሸይባኒ፣ በእሳቸው ጠቋሚነት የረቃ ቃዲ ሆነው ተሾሙ። አሽ-ሸይባኒ ግን ሹመቱን የፈለጉት አልነበሩም፤ ልባቸው ማስተማርና መጻፍ ላይ ነበር። በዚህም በሁለቱ መካከል ቅዝቃዜ ገባ። ሥራ ጠቋሚ መሆን መልካም ነው፤ የሚጠቆመውን ሰው ፍላጎት አስቀድሞ መጠየቅ ግን ከዚያ ይቀድማል።

በፍርድ ወንበር ላይ

ኸሊፋ አል-ሃዲ ከአንድ ሰው ጋር በአትክልት ቦታ ተካሰሱ። የኸሊፋው ምስክሮች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚያሳምኑ ነበሩ፤ አቡ ዩሱፍ ግን እውነቱ ሌላ መሆኑ ተሰምቷቸዋል። ኸሊፋው ፍርዱን ሲጠይቁ፣ ባላጋራው ምስክሮችዎ እውነት መመስከራቸውን እንዲምሉ ይሻል አሏቸው። ኸሊፋው ይህ የእርስዎ አቋም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አቡ ዩሱፍም ኢብን አቢ ለይላ እንዲህ ይሉ እንደነበር ነገሯቸው። ኸሊፋው መማሉን አልፈለጉምና ቦታው ለሰውየው ይመለስለት አሉ። በልጅነት ከመጀመሪያው መምህር የተቀሰመች አንዲት የሥነ ሥርዓት መስአላ የድሃን መሬት አዳነች።

ሌላ ጊዜ ከኸሊፋው ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ሊመሰክር መጣ። አቡ ዩሱፍ ምስክርነቱን አልቀበልም አሉ። ነገሩ ኸሊፋው ዘንድ ደርሶ ሲጠየቁ ያቀረቡት ምክንያት እንዲህ ነበር። ሰውየው ለኸሊፋው እኔ ባሪያዎ ነኝ ሲል ሰምተውታል። እውነቱን ከሆነ የባሪያ ምስክርነት በፊቅሃቸው አይጸናም፤ ውሸቱን ከሆነ ደግሞ የውሸታም ቃል ተቀባይነት የለውም።

ዒልማቸውንም በወንበሩ አላቆሙም። መዲና ሄደው ኢማም ማሊክን ባገኙ ጊዜ በአንድ ሷዕ መጠን ላይ ተነጋገሩ። የኢራቅ ሰዎች 8 ረጥል ይሉ ነበር። የመዲና ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሷቸውን መስፈሪያዎች ይዘው መጡ። አቡ ዩሱፍ ራሳቸው ለኩት፤ 5 ረጥል ከሲሶ ሆኖ አገኙት። ወዲያው የኖሩበትን የመምህራቸውን አቋም ትተው የተለካውን ያዙ። ለእኔ ለመሐንዲሱ ይህች ታሪክ ከሁሉ ትጣፍጠኛለች፤ ክርክሩን የዘጋው የድምፅ ብዛት ሳይሆን ልኬት ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበልም ሐዲስ መጻፍ ሲጀምሩ በመጀመሪያ የሄዱት ወደ አቡ ዩሱፍ ዘንድ ነበር።

ኪታቡል ኸራጅ

ሃሩን አር-ረሺድ የግብርና የአስተዳደር ሥርዓት እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። አቡ ዩሱፍም ኪታቡል ኸራጅን ጻፉ። ኪታቡ እስከ ዛሬ በእጃችን ይገኛል። የሚጀምረው ኸሊፋውን በማወደስ ብቻ አይደለም፤ በአላህ ፊት የሚጠየቁበትን አማና ያስታውሳቸዋል።

በኪታቡ ውስጥ፣ በመሬት ስፋት ላይ ከሚጣል የተቆረጠ ግብር ይልቅ ከምርቱ በድርሻ እንዲወሰድ ሐሳብ አቅርበዋል፤ ምርት በጠፋ ዓመት ገበሬው እንዳይጠፋ ነው። ግብርን ለኮንትራት ሰብሳቢ መሸጥን ተቃውመዋል፤ ምክንያቱም ገንዘብ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ትርፉን ከገበሬው ቆዳ ላይ ያወጣል። እስረኞች በሰንሰለት ታስረው ለልመና መውጣታቸው እንዲቀር፣ ከመንግሥት ካዝና በየወሩ ቀለብ፣ በበጋና በክረምት ልብስ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። ተጠርጣሪ ተደብድቦ እንዳይመረመርና በድብደባ የተገኘ ቃል እንዳይጸናበት ጽፈዋል። ኸሊፋው ራሳቸው በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ለበደል ሰሚነት እንዲቀመጡም መክረዋል።

እንዝርት ከሚፈተልበት ቤት የወጣ ሰው እስር ቤት ውስጥ ያለውን ብርድ አልረሳውም። በሥልጣን ማዕድ ላይ የተቀመጠ የሕግ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ይህን ኪታብ ያንብብ።

የመጨረሻዋ መስአላ

ሞታቸው ሲቃረብ አንድ ነገር አስጨነቃቸው። አንድ ክርስቲያን ከሃሩን አር-ረሺድ ጋር ተካሶ ነበር። የፈረዱት ለክርስቲያኑ ነው፤ ኸሊፋው ተረቱ። ነገር ግን በችሎቱ ሁለቱን በአንድ ደረጃ አላስቀመጧቸውም ነበር። ፍርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በአቀማመጥ ላደረጉት ልዩነት በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው አለቀሱ። ስለ ችሎት ሥነ ምግባር ብዙ ኮርስ ይሰጣል፤ ይህን ያህል የሚያንቀጠቅጥ ግን ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ሕመም ሳሉ ደረሳቸው ኢብራሂም ኢብኑል-ጀራሕ ሊጠይቃቸው ገባ። ራሳቸውን ስተው ነበር፤ ሲነቁ አንድ የሐጅ መስአላ አነሱበት። ጀመራት ላይ ጠጠር ሲወረወር በእግር ይበልጣል ወይስ በእንስሳ ላይ ተቀምጦ? ደረሳው በእግር አለ፤ ተሳስተሃል አሉት። ተቀምጦ አለ፤ አሁንም ተሳስተሃል አሉት። ከዚያ ለዩለት። ከወረወሩ በኋላ ቆሞ ዱዓ የሚደረግበት ጀምራ ከሆነ በእግር መሆኑ ይበልጣል፤ ቆሞ ዱዓ የማይደረግበት ከሆነ ደግሞ ተቀምጦ መወርወሩ ይበልጣል። ኢብራሂም ከቤቱ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ የለቅሶ ድምፅ ሰማ፤ አቡ ዩሱፍ አረፉ። ዓመቱ 182 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 798) ነበር።

በወጣትነታቸው ከመምህራቸው በአጣቢው ጉዳይ የተማሩትን፣ ያው ማጣራት፣ ያው መለየት፣ በመጨረሻ ትንፋሻቸው ለደረሳቸው አስተላልፈው ሄዱ።

ለእኛ የተረፈው

የሐነፊ መዝሀብ በወሎና በሌሎች የአገራችን አካባቢዎች እስከ ዛሬ ይቀራል። የአቡ ዩሱፍ ስም ከአቡ ሐኒፋና ከሙሐመድ ጋር አብሮ ሲነበብ ያደግን ብዙዎች ነን። ስለዚህ ይህ ታሪክ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

አዲስ የገባችሁ የሕግ ተማሪዎች ሆይ! ምን እንደምትሆኑ ዛሬ መወሰን የለባችሁም። አቡ ዩሱፍም ልብስ አጣቢው ዘንድ ሳሉ የወደፊቱን አያውቁም ነበር። መጀመር ያለባችሁ ግን ዛሬ ነው። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በእረፍት ቀናችሁ ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ ዳኛው እንዴት እንደሚጠይቅ አድምጡ። በትምህርት ቤታችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ማዕከል ካለ ጎራ በሉ። ምስለ ችሎት ሲዘጋጅ ከመመልከት አልፋችሁ ተመዝገቡ። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያዘነብል ልብ ያላችሁ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የተሰጠውን ቦታና የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረውን አዋጅ ቁጥር 188/1992 ከአሁኑ አንብቡ። እነዚህ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ የተዋቀሩና በተከራካሪዎቹ ፈቃድ የሚዳኙ ናቸው፤ ሥነ ሥርዓታቸው ደግሞ የፍትሐ ብሔሩ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ፊቅህንም የአገሩንም ሕግ ማወቅ ይኖርበታል። ከመድረሳ የመጣችሁ የያዛችሁት ግማሽ መንገድ ቀላል አይደለም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በተስፋፋበት በዚህ ዘመን ሁለቱን ያጣመረ የውል ባለሙያም ተፈላጊ ነው። የፍርድ ወንበር ለዲኔ ይጎዳኛል ወይ የሚል ጭንቀት ያለባችሁ ከጓደኛ ወሬ ይልቅ ከምታምኗቸው ዑለማ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም እንደ አጣቢው መስአላ ዝርዝሩን አቅርቡ።

ሲኒየሮች ደግሞ የአቡ ሐኒፋ ድርሻ የእኛ ነው። በየብሎኩ ያሉትን ፍሬሾች በስም እንወቃቸው። ከትምህርት ወይም ከጀመዓ የቀረ ካለ የት ገባ ብለን እንጠይቅ። ሀንድአውታችንን፣ የድሮ ፈተናችንን፣ ያለፍንበትን ስህተትና መንገድ እናካፍል። የሕግ ተማሪ የሆናችሁ ነባሮች አንድ አንድ አዲስ ተማሪ ያዙ፤ ምን እንደሚስማማው እያያችሁ፣ ፍላጎቱንም እየጠየቃችሁ እስኪመረቅ ተከታተሉት። እህቶችም በእህቶች በኩል እንዲሁ አድርጉ። ኪሳችን የሚችለውን ያህል ደግሞ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ በዝምታ፣ ሳንጠየቅ እናድርስ። የአንድ ተማሪ የኮፒ ወጪ ለብዙዎቻችን ከአንድ ሳምንት የሻይ ወጪ አይበልጥም፤ ለእሱ ግን በትምህርቱ መቆየትና ዊዝድሮው መሙላት ሊሆን ይችላል።

ያ 100 ዲርሃም ከተሰጠ ከ1200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምንዳው ግን ፊቅህ በተቀራ ቁጥር አሁንም እየደረሳቸው እንደሆነ ተስፋ እናደርጋለን። አላህ ለሁለቱም ኢማሞች ይዘንላቸው፣ ለእኛም ጠቃሚ ዒልምና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።